አንድ ፕላን፣ ልዩ ልዩ ወጪ፦ የቤት ግንባታና የንዑስ ተቋራጭ ዋጋ በየአካባቢው ስለሚለያይበት ምክንያት

ንጉሥ ሰሎሞን ቤተ መቅደስን ሲያንጽ ዝግባውን ያስመጣው ከሊባኖስ ነው። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 5 እንደምናነበው፣ በእንጨት ቆረጣ ሙያ የሲዶናን ሰዎች የሚተካከል በእስራኤል ዘንድ ስላልነበረ ሥራው ለጢሮሱ ንጉሥ ለኪራም ተሰጠ። ግንዱ በባሕር ላይ እየተንሳፈፈ መጣ። ለዚህም በየዓመቱ 20,000 የቆሮስ መስፈሪያ ስንዴ ይከፈል ነበር። በዚያው ምዕራፍ 80,000 ድንጋይ ጠራቢዎችና 70,000 ተሸካሚዎች ተቆጥረዋል። በስብከት ጊዜ ፈጥነን የምናልፈው ይህ ቁጥር ለግንባታ ኮሚቴ ትልቅ ትምህርት አለው፤ በዚያ ሥራ የተሸካሚው ቁጥር ከጠራቢው እምብዛም አላነሰም። ዕቃውና ሙያው ካሉበት ስፍራ ተነሥተው ወደ ሥራው ቦታ የሚደርሱበት ድካም ራሱን የቻለ የሕንፃ ወጪ ነው።

በየአህጉረ ስብከቱ ያሉ አጥቢያዎች ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ሌላ የካህናት መኖሪያ፣ የአብነት ተማሪዎች ማደሪያ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ፣ ለራስ መቻያ የሚከራዩ ቤቶችም ይሠራሉ። ብዙ ጊዜ የሚታየው አሠራር ግን አንዱ አጥቢያ ያሠራውን ፕላንና የወጪ ግምት ሌላው ተውሶ፣ የደብሩን ስም ብቻ ለውጦ፣ በዚያው ልክ ምእመናንን ርዳታ መጠየቅ ነው። ከአዲስ አበባ የተወሰደው ግምት በሰቆጣ፣ ከሐዋሳ የተወሰደው በጂንካ፣ ከባሕር ዳር የተወሰደው በመተማ እንደማይሠራ የሚታወቀው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ግድግዳው ቆሞ ጣራ ሳይለብስ ክረምት ይገባበታል፤ ልስን ያልነካው ብሎኬት ዝናብ ይጠጣል፤ ጫፉ የወጣው ፌሮ ይዝጋል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ የሰው ልብ መሻከሩ ነው። «እነ እገሌ በዚህ ገንዘብ ጨርሰው ገብተውበታል፤ የእኛዎቹ ምን አደረጉት?» የሚል ቃል አንድ ጊዜ ከተነሣ፣ ሳንቲም ያላጎደለ ኮሚቴ እንኳ ስሙን ለማጥራት ዓመታት ይፈጁበታል። ብዙ ጊዜ ግን ጥያቄውን የሚመልሰው የአሸዋው መንገድ፣ የመሬቱ ዓይነትና የግንበኛው መኖሪያ ነው። በዚህ ጥናት የምንመለከተውም ይህንኑ ነው።

አስቀድመን አንድ ነገር እናሳስብ። በዚህ ጽሑፍ ዋጋ በብር አንጠቅስም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በየሦስት ወሩ በሚወጣ ዜና መጽሔት ላይ የሚጻፍ የፌሮ ወይም የቆርቆሮ ዋጋ ከአንባቢ እጅ ሳይደርስ ያረጃል። የዕቃው መጠንና ክብደት ግን አያረጅም። ስለዚህ ከዚህ በታች ለስሌት የምንጠቀምባቸው የዋጋ ቁጥሮች ለማስረጃ የቀረቡ ምሳሌዎች እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም።

ከባዱና ርካሹ ዕቃ

ኮሚቴዎቻችን ስለ ግንባታ ዋጋ ሲነጋገሩ በመጀመሪያ የሚጠይቁት የሲሚንቶን ዋጋ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም የአካባቢን ልዩነት ከሁሉ በላይ የሚወስነው ሲሚንቶ አይደለም። በሀገራችን ሲ-25 ለሚባለው ኮንክሪት በአንድ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሚንቶ መጠቀም የተለመደ ነው። ለመሠረት፣ ለዓምድና ለማሰሪያ በጠቅላላው 10 ሜትር ኩብ ኮንክሪት የሚፈልግ አነስተኛ የካህናት መኖሪያ እናስብ። ሲሚንቶው 36 ኩንታል፣ ማለትም 72 ከረጢት ይሆናል። አሸዋው ወደ 5 ሜትር ኩብ፣ ጠጠሩ ወደ 8 ሜትር ኩብ ይጠጋል። ይህን በክብደት ብናየው ሲሚንቶው 3.6 ቶን፣ አሸዋው ወደ 7 ቶን፣ ጠጠሩ ወደ 12 ቶን ነው። በውስጡ የሚገባው ፌሮ ከ1 ቶን እምብዛም አይበልጥም። እንግዲህ በመኪና ከሚጫነው ሸክም ከአምስቱ እጅ አራቱ አሸዋና ጠጠር ነው ማለት ነው።

በዋጋ ረገድ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ፌሮ በኪሎ ውድ ነው፤ አሸዋ በኪሎ ርካሽ ነው። ውድና ቀላል ዕቃ ረጅም መንገድ ቢጓዝ የመጓጓዣው ድርሻ በዋጋው ውስጥ አይታይም፤ ርካሽና ከባድ ዕቃ ግን አጭር መንገድ ተጉዞ ዋጋውን ያባዛል። ለምሳሌ አንድ ቢያጆ አሸዋ ከወንዙ ዳር ሲጫን 100 ቢሆንና ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 2 ቢጨመርበት፣ በ20 ኪሎ ሜትር ላይ ላለ ደብር 140፣ በ120 ኪሎ ሜትር ላይ ላለ ደብር 340 ይሆናል። የአዲስ አበባ ግንባታ አሸዋውን በአብዛኛው ከመቂ፣ ከቆቃና ከሞጆ አካባቢ እያስመጣ ይህን ዕዳ ሲከፍል ኖሯል። በአንጻሩ ፌሮና ቆርቆሮ የሚመረቱት በአብዛኛው በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ በገላን፣ በዱከምና በቢሾፍቱ ስለሆነ፣ 500 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ አጥቢያ ከአዲስ አበባው አጥቢያ በመቶኛ ሲሰላ በጥቂት ብቻ አስበልጦ ይገዛቸዋል።

ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ነገር ግልጽ ነው። ፕላኑ ከመወሰኑ በፊት ኮሚቴው ሊመረምረው የሚገባው የመጀመሪያው ነገር አሸዋ፣ ጠጠርና ድንጋይ ከየት እንደሚመጣ ነው። በጎንደር፣ በወሎና በሰሜን ሸዋ ደጋዎች ጥቁር ድንጋይ ከደጅ ይለቀማል፤ ጠርቦ የሚገነባ እጅም አለ። በመንዝና በላስታ የድንጋይ ቤት የአባት ሥራ ነው። እንዲህ ባለው ቦታ ከሩቅ ከተማ ብሎኬት አስጭኖ ማምጣት ገንዘብን በመንገድ ላይ መዝራት ነው። ቢሾፍቱን፣ አዳማንና ዝዋይን በሚያዋስነው የስምጥ ሸለቆ ክፍል ደግሞ ከእሳተ ገሞራ የተገኘው ፓሚስና ቀይ አሸዋ የሚመስለው ቀላል ጠጠር በብዛት ስላለ ቀለል ያለ ብሎኬት በርካሽ ይመረታል። በዚያ የድንጋይ ግንብ መምረጥ ትርፉ ድካም ነው።

ብሎኬት የሚመርጥ አጥቢያ መጠኑን ራሱ ሊያሰላ ይችላል። 40 በ20 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነው ብሎኬት ከነማጣበቂያው ሲደረደር በአንድ ሜትር ካሬ 12.5 ይገባል። ስለዚህ 100 ሜትር ካሬ ግድግዳ 1,250 ብሎኬት፣ በመንገድና በአያያዝ ለሚሰበረው 5 በመቶ ሲታከልበት 1,313 ይፈልጋል። ጠጠር መንገድ ላይ ለሚጓዝ ጭነት ግን 5 በመቶ አይበቃም። በብዙ የገጠር አጥቢያ ከመኪናው የሚወርደው ስባሪ ከዚያ በእጅጉ ይልቃል፤ ሻጩ ደግሞ ደረሰኝ የሚሰጠው በተጫነው ልክ እንጂ በደረሰው ልክ አይደለም። ለዚህ መድኃኒቱ «ክፍያ ከቦታው በደኅና በደረሰው ቁጥር» ብሎ መዋዋል፣ ወይም አሸዋና ጠጠር በቅርብ ካለ የብሎኬት ማሽን ተከራይቶ በግቢው ማምረት ነው።

ሲሚንቶን በተመለከተ ፋብሪካዎቹ በአንድ ወገን ተሰብስበው የቆሙ አይደሉም። ሙገርና ደርባ በሸዋ፣ መሰቦ በመቀሌ፣ ናሽናል በድሬዳዋ ይገኛሉ፤ በሰሜን ሸዋ የለሚ ፋብሪካም ሥራ ጀምሯል። ሆኖም ለፋብሪካ መቅረብ ብቻውን ርካሽ ዋጋ አያስገኝም። ሲሚንቶው በስንት ነጋዴ እጅ አልፎ እንደሚመጣ፣ መንገዱ ክፍት ነው ወይስ በጸጥታ ምክንያት የሚቋረጥ፣ መኪናው ሲመለስ የሚጭነው አለ ወይስ ባዶውን ይመለሳል የሚሉት ጥያቄዎች ከርቀቱ እኩል ይከብዳሉ። ቡና፣ ሰሊጥ ወይም እህል ወደ መሐል አገር በሚጫንበት ወራት መኪናው ወደ አካባቢያችሁ ሲመጣ ባዶውን እንዳይሆን ሲል በቅናሽ ይጭናል። ይህን ወቅት የሚያውቁት ከማንም በላይ የአጥቢያው ነጋዴዎች ናቸውና ከእነርሱ አንዱን በኮሚቴው ማስገባት ይጠቅማል።

አሸዋው ቅርብ ስለሆነ ብቻ ግን አይገዛም። አፈር የበዛበት አሸዋ የኮንክሪትን ጥንካሬ ይቀንሳል፤ ርካሽ የመሰለውም በኋላ ይወደዳል። በሚያሳይ ጠርሙስ እስከ ግማሹ አሸዋ አድርጎ፣ ውኃ ሞልቶ፣ በብርቱ ነቅንቆ ለጥቂት ሰዓታት ማቆየት ነው። ከአሸዋው በላይ የሚዘቅጠው ለስላሳ የአፈር ንጣፍ ከ6 በመቶ በላይ ከሆነ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይመለስ የሚለው መለኪያ በሀገራችን የተለመደ ነው። የታጠበ አሸዋ ውኃና ጉልበት ስለሚፈልግ ያም ወጪ ከዋጋው ጋር ይደመር።

ስለ ውኃ ካነሣን፣ በደጋው ያሉ ግምቶች ውኃን ከቁጥር አያስገቡም። 10 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ለማቡካት ብቻ 1,800 ሊትር ገደማ፣ ማለትም 9 በርሜል ያስፈልጋል። ከዚያም ቢያንስ ለ7 ቀን ሳይቋረጥ ውኃ መጠጣት አለበት። በቦረና፣ በዋግ፣ በአፋርና በሶማሌ አካባቢ ላሉ አጥቢያዎቻችን ይህ ውኃ በቦቴ የሚገዛ ነው። ውኃ ለመቆጠብ ሲባል ሳይጠጣ የቀረ ኮንክሪት ሲሚንቶው ሙሉ ሆኖ ሳለ ደካማ ይሆናል።

መሬቱና አየሩ የሚጠይቁት

ሁለት አጥቢያዎች አንድ ፕላን ይዘው በአንድ ወረዳ ውስጥ ቢገነቡ እንኳ ከመሬት በታች ያለው ወጪ እጥፍ ሊለያይ ይችላል። በበቾና በአድአ፣ በደንቢያና በፎገራ ሜዳዎች በብዛት የሚገኘው ጥቁር መረሬ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። በላዩ የቆመ ቤትም ከእርሱ ጋር ይነሣል፣ ይወርዳል። በዚህ መሬት ላይ ጥቁሩን አፈር ቆፍሮ ማውጣት፣ በምትኩ ገረጋንቲ አምጥቶ እየጠቀጠቁ መሙላት፣ መሠረቱንም ማጥለቅ ግድ ነው። በቀይ አፈር ወይም በዐለት ላይ ለተሠራ ቤት የወጣ ግምት ይህን ሁሉ አያውቀውም። ስለዚህ ገንዘብ ማሰባሰብ ከመጀመሩ በፊት በቦታው ሁለት ወይም ሦስት ስፍራ እስከ 2 ሜትር ጉድጓድ አስቆፍሮ ለመሐንዲስ ማሳየት ያስፈልጋል። ይህ ከምእመናን ጉልበት በቀር ብዙ ወጪ የለውም። ብዙ ኮሚቴዎች ግን መሠረት የሚቆፍሩት መሠረተ ድንጋዩ ከተባረከና ግምቱ ለሕዝብ ከተነገረ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ይሻላል እንላለን።

በቆላውና በምዕራቡ ክፍል ምስጥ አለ። በደጋ ከምኒልክ ዘመን ወዲህ የተስፋፋው ባሕር ዛፍ ለግድግዳውም፣ ለማገሩም፣ ለርብራቡም ርካሽ እንጨት ሆኗል። በመተከል፣ በወለጋ ቆላና በጋምቤላ ግን በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ግድግዳ ምስጥ ፈጥኖ ይጨርሰዋል፤ አጣናውም ከሩቅ ስለሚመጣ ይወደዳል። እዚያ የሚያዋጣው የድንጋይ ወይም የብሎኬት መሠረትና ግድግዳ፣ ከተቻለም የብረት ጣራ ነው። ለኮንክሪት ድጋፍ የሚሆነውንም እንጨት ከመግዛት ይልቅ የብረት ድጋፍ መከራየት ወጪ ሊቀንስ ይችላል።

ስምጥ ሸለቆን ተከትለው ያሉ አጥቢያዎች ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጥን መዘንጋት የለባቸውም። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው መንቀጥቀጥ ብዙ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል። በዚህ ክልል የሚሠራ ቤት በዓምድና በማሰሪያ የሚገባው ፌሮ ከሌላው ቦታ ይበዛል። «በደብረ ማርቆስ በዚህ ቀጭን ብረት ተሠርቷል» ተብሎ የሚቀነስ ፌሮ የሰው ሕይወት ነው። ወጪ መቀነስ ካስፈለገ ከቤቱ ስፋት ወይም ከማጠናቀቂያው ይቀነስ።

ቆርቆሮ ሲገዛ ቁጥሩ ይጠየቅ። ጌጁ ባነሰ ቁጥር ቆርቆሮው ይወፍራል፤ 28 ከ32፣ 32 ከ35 ይበልጣል። ሁለት አጥቢያዎች የጣራ ዋጋ ሲያወዳድሩ ብዙ ጊዜ ልዩነቱ የሚገኘው ከዚህ ነው።

የሙያተኛው ዋጋ

አሁን ወደ እጅ ዋጋ እንምጣ። በአዲስ አበባና በትልልቅ ከተሞች ሥራው ተከፋፍሏል፤ ፌሮ አሳሪው፣ ግንበኛው፣ ለሳኙ፣ ሴራሚክ አንጣፊው፣ ቀቢው፣ የቧንቧና የመብራት ሠራተኛው እያንዳንዱ ለየብቻው በሜትር ካሬ ወይም በኪሎ ተዋውሎ የሚሠራ ንዑስ ተቋራጭ ነው። በአነስተኛ ከተማ አንዱ ግንበኛ ግንቡንም ልስኑንም ሊሾውንም ይሠራል፤ ሴራሚክና የመብራት መስመር ሲደርስ ግን «ከከተማ ሰው ይምጣ» ይባላል። በከተማ የቀን ዋጋ ከፍ ቢልም ውድድርና ፍጥነት ስላለ የአንድ ሜትር ካሬ ዋጋ ዝቅ ሊል ይችላል። በገጠር የቀን ዋጋው ዝቅ ቢልም የሜትር ካሬው ዋጋ ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ «እዚያ ግንበኛ በቀን ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን ወደ ስሕተት ይመራል።

የረዳቱን ለጊዜው ትተን በምሳሌ እናስላው። የከተማው ግንበኛ በቀን 30 ተከፍሎት 10 ሜትር ካሬ ይገነባል እንበል፤ አንዱ ሜትር ካሬ 3 ሆነ። የአካባቢው ግንበኛ በቀን 20 ተከፍሎት 5 ሜትር ካሬ ይገነባል፤ አንዱ ሜትር ካሬ 4 ሆነ። እስከዚህ ከተማው ረከሰ። ነገር ግን ከሩቅ የመጣው ሰው ማደሪያና ምግብ ይፈልጋል፤ ይህም በቀን 8 ይሁን። ማደሪያውና ምግቡ የሚከፈለው በወሩ 30 ቀን ሲሆን ሥራ የሚሠራው ግን 30 ቀን አይደለም። እሑዶቹን፣ ሚካኤልን፣ ገብርኤልን፣ ማርያምን፣ ጊዮርጊስን፣ መድኃኔ ዓለምን፣ በዓለ ወልድን በሚያከብር የገጠር አጥቢያ በወር የሚተርፈው የሥራ ቀን 20 ገደማ ነው። 30 ጊዜ 8 ማለት 240 ለ20 የሥራ ቀን ሲካፈል በቀን 12 ይጨምራል። ግንበኛው በቀን 42፣ በሜትር ካሬ 4.2 ሆነ ማለት ነው። የመጓጓዣ ገንዘቡና ለበዓል ወደ ቤተሰቡ የሚሄድበት ገና አልተቆጠረም። ረክሶ የነበረው ተወደደ።

ይህን የምንለው በዓላቱን ለመንካት አይደለም፤ የበዓል ቀን ለኮሚቴው የታወቀና አስቀድሞ የሚቆጠር ነው። የሥራ ቀንን ከመሐል አገር በመጣ የጊዜ ሰሌዳ 26 ብሎ የጻፈ ግምት ግን ከመጀመሪያው የተሳሳተ ነው። ከሩቅ የመጣን ሙያተኛ በእጅጉ የሚያስወድደው ሌላው ነገር ዕቃ ሳይደርስ መጥራት ነው። ሲሚንቶ በመጠበቅ ላይ ያለ ግንበኛ ይበላል፣ ያድራል፣ አይገነባም። አሸዋው፣ ሲሚንቶውና ብሎኬቱ በግቢው ሳይከማች ሰው አይጠራ።

ወቅቱም በየአካባቢው ይለያያል። በደጋው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ አዝመራ ስለሚሰበሰብ የቀን ሠራተኛ ይጠፋል፣ ይወደዳልም። በሑመራና በመተማ የሰሊጥ አጨዳ ከመስከረም ጀምሮ ጉልበትን ከሩቅ አውራጃ ሁሉ ይስባል። በጅማ፣ በከፋ፣ በሲዳማና በጌዴኦ የቡና ለቀማ እንዲሁ ያደርጋል። «ከሰኔ በፊት ጣራ ይልበስ» የሚለው የተለመደ ምክርም ለደጋው የተነገረ ነው። በቦረና፣ በኮንሶና በደቡብ ኦሞ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ስለሚጥል ጣራው ከየካቲት መጨረሻ በፊት መልበስ ይኖርበታል።

የምእመናን የጉልበት አስተዋጽኦ እንደየአካባቢው ትልቅ የወጪ ልዩነት ያመጣል። በደቦ ድንጋይ የተሰበሰበለት አጥቢያና ሁሉን በገንዘብ የገዛ የከተማ ደብር በገንዘብ ብቻ ሊነጻጸሩ አይችሉም። ስለዚህ የተሰጠው ድንጋይ በሜትር ኩብ፣ እናቶች የቀዱት ውኃ በበርሜል፣ የተቆፈረው መሠረት በሰው ቀን ተመዝግቦ ዋጋ ይሰጠው። ጎረቤት አጥቢያ «በርካሽ ሠራ» ሲባል የዚያ ርካሽነት ግማሹ በመዝገብ ያልሰፈረ የድሆች ላብ ሆኖ ይገኛል። ሆኖም በጉልበት ስጦታ የሚሠራው ቁፋሮ፣ ለቀማና ሸክም ይሁን፤ ፌሮ ማሰር፣ ኮንክሪት መሙላትና ጣራ መምታት ለባለሙያ ይተው።

ስለ ውሉ

ሥራ በሦስት መንገድ ይሰጣል፤ በቀን ሂሳብ፣ በእጅ ዋጋ በልኬት፣ ወይም ከነዕቃው። የቀን ሂሳብ የሚያዋጣው ለጥቃቅን ጥገናና ኮሚቴው በየቀኑ በቦታው ሊቆም በሚችልበት ጊዜ ብቻ ነው። ዕቃ በሰዓቱ በሚደርስበት ከተማ የእጅ ዋጋ በልኬት እጅግ ይጠቅማል፤ ዕቃውን ኮሚቴው ይገዛል፣ ሠራተኛው በሠራው ልክ ይወስዳል። መንገዱ አስቸጋሪ በሆነበት ሥፍራ ግን በልኬት የተዋዋለው ንዑስ ተቋራጭ ዕቃ ሲዘገይ የሚጎዳው እርሱ መሆኑን ስለሚያውቅ ያን ሥጋት አስቀድሞ በዋጋው ላይ ይጭነዋል። ኮሚቴው «ዕቃ ከ3 ቀን በላይ ከዘገየ የማደሪያና የምግብ እንከፍላለን» ብሎ በውሉ ቢጽፍ ዋጋው ብዙ ጊዜ ይወርዳል። ሥጋቱ የሚመጣው በኮሚቴው በኩል ከሆነ፣ ለሌላ ሰው ሸጦ መልሶ በውድ ከመግዛት ራሱ ቢሸከመው ይሻለዋል።

ከነዕቃው የሚሰጥ ሥራ ከሆነ ዋጋው የተጨማሪ እሴት ታክስን 15 በመቶ ይጨምር እንደሆነ በጽሑፍ ይረጋገጥ። አንዱ ተጫራች ጨምሮ፣ ሌላው ሳይጨምር ቢያቀርብ ውድድሩ ሐሰት ነው። ደግሞም አንድ ድምር ብቻ የያዘ ወረቀት አይቀበሉ። የቁፋሮው ዋጋ በሜትር ኩብ፣ የግንቡ፣ የኮንክሪቱ፣ የፌሮው በኪሎ፣ የልስኑና የቀለሙ በሜትር ካሬ ተዘርዝሮ ይቅረብ። እንዲህ ሲሆን የሌላ አጥቢያን ዋጋ ማነጻጸርም ይቻላል፤ ቤትን ከቤት ጋር ሳይሆን ልስንን ከልስን፣ ግንብን ከግንብ ጋር። የልስኑ ዋጋ ተቀራርቦ የመሠረቱ ከተለያየ መልሱ በመሬቱ ነው። የኮንክሪቱ ብቻ ከተለያየ መልሱ በአሸዋው መንገድ ይፈለግ። ሁሉም በእኩል መጠን ከናረ ግን ተቋራጩ ይጠየቅ። ይህ ንጽጽር በሰበካ ጉባኤው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በግልጽ ቢለጠፍ፣ ቀደም ሲል ያነሣነው ሐሜት መነሻ ያጣል።

በከተማ ሥራ ከዋናው ተቋራጭ ሥር ንዑስ ተቋራጭ፣ ከእርሱም ሥር ፎርማን፣ ከዚያም የቀን ሠራተኛው ይሰለፋሉ፤ ሁሉም የየራሱን ትርፍ ይወስዳል። ሰንሰለቱ በረዘመ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፣ ከታች ያለው ሰው የሚደርሰው ግን ያንሳል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ዋናው ተቋራጭ ተከፍሎት ሳለ ሠራተኛው ደመወዙን ሳያገኝ መቅረቱ ነው። ያ ሠራተኛ ተቋራጩን አያገኘውም፤ የሚያገኘው የቤተ ክርስቲያኑን በር ነው። የሠራተኛ ደመወዝ መከልከል በመጽሐፍ ምን ያህል የተነቀፈ ኃጢአት እንደሆነ ለካህናት አባቶቻችን ማስረዳት አያሻም። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ያለፈው ክፍያ ለሠራተኞቹ መድረሱን በፊርማቸው የሚያሳይ ዝርዝር እንዲቀርብ በውሉ ይካተት። ያለ ደብሩ የጽሑፍ ፈቃድ ሥራውን ለሌላ ማስተላለፍ እንደማይቻልም ይጻፍ።

ቅድሚያ ክፍያን በሚመለከት፣ በሩቅ አጥቢያዎች የሚገኘው ተቋራጭ ጥቂት ስለሆነ ከፍ ያለ ቅድሚያ መጠየቅ የተለመደ ነው። መጠኑን በገንዘብ ከመስጠት ይልቅ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ በግቢው ማስቀመጥ ይመረጣል። በገንዘብ የሚሰጥ ከሆነም ያለ ባንክ ዋስትና ወይም ያለ በቂ ዋስ አይሰጥ።

ከእያንዳንዱ ክፍያ ላይ ጥቂት ከመቶ ተቀንሶ ይያዝ፤ ይህም ገንዘብ ቤቱ አንድ ሙሉ ክረምት ካሳለፈ በኋላ ጣራው፣ መሠረቱና ልስኑ ታይቶ ይለቀቅ። ከዚያም በኋላ ቢሆን ኃላፊነቱ አያበቃም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 ሥራ ተቋራጩ ሕንፃውን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ትክክለኛነትና ለጥንካሬው ዋስ እንዲሆን ያስገድደዋል። በዚህ መብት ለመጠቀም ግን የርክክቡ ቀን መታወቅ አለበት። ብዙ አጥቢያዎች ቤቱን ባርከው ይገቡበታል እንጂ የርክክብ ሰነድ አይፈራረሙም። ሰነዱ ቀኑን፣ የተቋራጩንና የየንዑስ ተቋራጩን ሙሉ ስም፣ ማን የትኛውን ሥራ እንደሠራ፣ በርክክቡ ዕለት የታየውን ጉድለትም ይዞ በሦስት ቅጂ ይዘጋጅ። አንዱ በደብሩ መዝገብ ቤት፣ አንዱ በወረዳው ቤተ ክህነት፣ አንዱ በተቋራጩ እጅ ይቀመጥ።